የአሊፍ ባለውለታዎቻችን

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም የሰው ልጆች ታላቅ መምህር ሆነው በተላኩት በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

በዚህ ወር ልናነሳው የፈለግነው ርዕስ በየቤታችሁ የሚታወቅ፣ ነገር ግን ብዙ የማይወራለት ነው። ይኸውም የመጀመሪያዋን ሐርፍ ያስያዙን፣ ሶላት ያሳዩን፣ ማንበብና መጻፍ ያስተማሩን ሰዎች በእኛ ላይ ያላቸው ሐቅ ምንድን ነው? የሚለው ጥያቄ ነው።

ከጎንደር ከተማ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዙ ማክሰኝት ትገኛለች። የጎንደር ዙሪያ ወረዳ መቀመጫ ነች። ቀድሞ በሰሜን ጎንደር ሥር ትቆጠር የነበረች ሲሆን ዛሬ በማዕከላዊ ጎንደር ዞን ውስጥ ናት። ስሟ የማክሰኞን ቀን ያስታውሳል። በዙሪያዋ ባለው ጥቁር አፈር ላይ ጤፍና ሽምብራ ይበቅላል፤ ገበሬው ምርቱን ይዞ ይወጣል፣ ነጋዴው ይገዛል፣ መኪናው ይጭናል።

በእንዲህ ያለች የገበያ ከተማ ሰው የሚታወቀው በሥራው ነው። እገሌ እህል ነጋዴ ነው፣ እገሌ ልብስ ሰፊ ነው፣ የእገሌ ልጅ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሐኪም ሆናለች ይባላል። ሆኖም ነጋዴው የሚዛኑን ሐላልና ሐራም ከማን እንደ ተማረ፣ ልብስ ሰፊው ሜትር መቁጠርን ማን እንዳሳየው፣ ሐኪሟ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች እጇን ይዞ እርሳስ ያስያዛት ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ፍሬው በገበያ ላይ ይታያል፤ የዘራው ሰው ግን በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ከሌሎች ሕፃናት ጋር ቁጭ ብሎ እንደገና ከአሊፍ ይጀምራል።

ኢስላም ለመምህር የሰጠው ደረጃ

ለነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በሒራ ዋሻ የወረደው የመጀመሪያው ትእዛዝ የማንበብ ትእዛዝ እንደ ነበረ የማያውቅ ሙስሊም የለም። በዚያው ሱረቱል ዐለቅ ውስጥ አላህ (ሱ.ወ.) በብዕር ያስተማረ፣ ሰውን የማያውቀውን ያሳወቀ ጌታ መሆኑ ተገልጿል። እንግዲህ ማስተማር አላህ ራሱን ያወደሰበት ሥራ ነው ማለት ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ከሙስሊሞች መካከል በላጩ ቁርኣንን ተምሮ የሚያስተምር መሆኑን ነግረውናል። ለሰዎች መልካም ነገርን ለሚያስተምር ሰው አላህ እዝነቱን እንደሚያወርድለት፣ መላእክትና በጉድጓዷ ያለች ጉንዳን፣ በባሕር ውስጥ ያለ ዓሣ ሳይቀሩ መልካም እንደሚመኙለትም በሐዲስ ተላልፏል።

በሱረቱል ከህፍ የተተረከው የነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ጉዞ ደግሞ የተማሪን አደብ ያሳየናል። ሙሳ (ዐ.ሰ.) የተውራት ባለቤት፣ አላህ ያናገራቸው ታላቅ ነቢይ ሆነው ሳለ ከእርሳቸው ዘንድ የሌለ ዕውቀት ያለው የአላህ ባሪያ መኖሩን ሲሰሙ፣ እስከማገኘው ድረስ ከመጓዝ አልመለስም ብለው ተነሡ። ባገኙትም ጊዜ ልከተልህን? በማለት ፈቃድ ጠየቁ። የነቢይነት ማዕረግ ያላቸው ሰው በመምህር ፊት ይህን ያህል ዝቅ ካሉ፣ የእኛ ልጅ በሸይኹ ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢናገር ምን እንላለን?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰዎችን የማያመሰግን አላህን እንደማያመሰግን አስተምረዋል። ይህ አነጋገር ክብደቱ ሊታሰብበት ይገባል። ብዙዎቻችን ዕውቀት ከአላህ የመጣ ነው ብለን ወደ ሰማይ እጃችንን ስናነሳ፣ አላህ ያንን ዕውቀት ያደረሰበትን ሰው መርሳት የለብንም። ውሃው ከአላህ ነው፤ ሆኖም ከጉድጓዱ ቀድቶ ያጠጣን ሰው ስም አለው፣ ቤት አለው፣ ልጆች አሉት።

ቀደምቶቻችን መምህራኖቻቸውን እንዴት አከበሩ?

ኢማም አቡ ሐኒፋ በኩፋ ከተማ በሐማድ ኢብን አቢ ሱለይማን ሥር የተማሩት ለ18 ዓመታት ያህል ነው። መምህራቸው በ120 ዓመተ ሒጅራ እስኪሞቱ ድረስ ከእርሳቸው አልተለዩም። አቡ ሐኒፋ በዘመናቸው ሁሉ ለወላጆቻቸው ዱዓ ሲያደርጉ ለመምህራቸውም አብረው እንደሚለምኑ ተላልፎልናል። ለልጃቸውም ሐማድ የሚል ስም ነበራቸው። ዛሬ በዓለም ላይ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሙስሊሞች፣ ከእነርሱም መካከል በሰሜን ኢትዮጵያ የሚገኙ ብዙዎች፣ በሐነፊ መዝሀብ ይሰግዳሉ። የሐማድን ስም የሚያውቀው ግን ስንቱ ነው? ሐማድ ባይኖሩ ኖሮ የምናውቃቸው አቡ ሐኒፋ ባልኖሩም ነበር።

የኢማም ማሊክ እናት ደግሞ ለእናቶች ታላቅ ምሳሌ ናቸው። ልጃቸውን ልብሱን አልብሰው፣ ጥምጣሙን ጠምጥመው ወደ ረቢዓ ሲልኩት ከዕውቀቱ በፊት አደቡን ተማር ብለው አዝዘውታል። ኢማም ሻፊዒይ በኢማም ማሊክ ፊት የኪታቡን ገጽ ሲገልጡ መምህራቸውን እንዳይረብሹ ቀስ ብለው ይገልጡ እንደ ነበር ተነግሯል። ኢማም አሕመድ በበኩላቸው ለኢማም ሻፊዒይ ለብዙ ዓመታት ዱዓ ያደርጉ ስለ ነበር፣ ልጃቸው ይህ ሰው ማን ቢሆን ነው ብሎ እስኪጠይቃቸው ደርሷል። አራቱ መዝሀቦች በዕውቀት ብቻ ሳይሆን በእንዲህ ዓይነቱ አደብ ጭምር የተሳሰሩ ናቸው።

ዕውቀት ሰውን ከፍ የሚያደርገው በዘርና በሀብት ሳይሆን በራሱ መሆኑን ለማየት ዐጣእ ኢብን አቢ ረባሕን እናስታውስ። ዐጣእ ጥቁር፣ ከባርነት የወጡ፣ በአካላቸውም ጉዳት የነበረባቸው ሰው ነበሩ። ሆኖም በመካ ሐረም ውስጥ የሐጅ ሕግ የሚጠየቀው ከእርሳቸው ነበር። ኸሊፋው ሱለይማን ኢብን ዐብዱል መሊክ ከልጆቻቸው ጋር መጥተው እንደ ማንኛውም ሰው ተራ ጠብቀው ጠየቋቸው፤ ከዚያም ልጆቻቸውን ዕውቀት ፈልጉ ብለው መከሩ። ንጉሥ ተራ የሚጠብቅበት በር የመምህር በር ብቻ ነው።

ከሀገራችን ምድር

ይህ ታሪክ በዐረብ አገር ብቻ የተሠራ እንዳይመስለን። ፈኽሩዲን ዑስማን አል ዘይለዒ የሚባሉት ዓሊም ከእኛው ቀንድ፣ ከዘይላዕ ወደ ካይሮ የተሻገሩ ሲሆኑ፣ ከንዝ የተባለውን የሐነፊ ኪታብ ሸርሕ አድርገው እ.ኤ.አ. በ1342 አረፉ። ተማሪያቸው ጀማሉዲን ዐብደላህ አል ዘይለዒ ደግሞ ነስቡ ራያ የተባለውን የሐዲስ ሥራ አበረከቱ። መምህሩ በፊቅህ፣ ተማሪው በሐዲስ፣ ሁለቱም በአንድ አገር ስም ይጠራሉ። በአዝሀር መስጊድም ከዚህ ምድር ለሚሄዱ ተማሪዎች የጀበርቲ ሪዋቅ የሚባል ማደሪያ ነበር። የግብጹ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱ ረሕማን አል ጀበርቲ ከዚሁ የትውልድ ሐረግ ናቸው።

ወደ ጎንደር ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። የጎንደር ሙስሊም አዲስ ዓለም በተባለው ሰፈር ተሰባሰበ። ርስት የማግኘት ዕድሉ የጠበበ በመሆኑ ኑሮውን በንግድና በሽመና ላይ መሠረተ። በኋላም እ.ኤ.አ. በ1878 በቦሩ ሜዳ ከተደረገው ጉባኤ ቀጥሎ በተለይ የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ሲገደድ፣ ብዙ ዓሊሞች ተሰደዱ፣ ብዙዎችም ተቃወሙ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እናንሳ። መሬት የሌለው፣ ሹመት የሌለው፣ ማተሚያ ቤት የሌለው ሕዝብ ዲኑን በምን ጠበቀ? መልሱ አንድ ነው፤ በመምህር። ኪታብ ይቃጠላል፣ መስጊድ ይፈርሳል፤ በልቡ ቁርኣን የያዘ ሸይኽ ግን ከአንድ ሸንተረር ወደ ሌላው ተሻግሮ በዛፍ ጥላ ሥር ሕፃናትን ሰብስቦ እንደገና ይጀምራል። ዛሬ በጎንደርም ሆነ በማክሰኝት አንድ ሕፃን ፋቲሓን በትክክል ሲቀራ፣ ከኋላው ስማቸው ያልተጻፈ የብዙ መምህራን ሰንሰለት አለ።

ስማቸው ከተጻፈላቸው መካከል ጥቂቶቹን እንጥቀስ። የዳዌው ሙፍቲ ዳውድ በየመን ዘቢድ ተምረው ተመልሰው በሀገራቸው ያስተማሩ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1819 አልፈዋል። ሸይኽ ሙሐመድ ሻፊ በጀማ ንጉሥ፣ ሰይድ ቡሽራ በጌታ፣ ዳንዬ በሚል ስም የሚታወቁት ሸይኽ አሕመድ ደግሞ በየጁ ዳና ያቋቋሟቸው የትምህርት ማዕከላት ከሩቅ አገር ደረሳ ይስቡ ነበር። ደረሳው ስንቁን በአቁማዳ ቋጥሮ ከጎንደር፣ ከትግራይ፣ ከሸዋ በእግሩ ይመጣል። አንዱ ሸይኽ በፊቅህ፣ ሌላው በነሕው፣ ሌላው በተፍሲር የታወቀ ስለ ሆነ፣ ደረሳው አንዱን ኪታብ ከአንዱ ጨርሶ ሌላውን ለመጀመር ወደ ሌላ አገር ይሻገራል። አጅሩሚያን፣ ቀጥርንና አልፊያን ለነሕው፤ ሰፊናን፣ ሚንሃጅን ወይም ቁዱሪንና ከንዝን እንደ መዝሀቡ ለፊቅህ፤ ጀላለይንን ለተፍሲር ይቀራል። ዓመታት ያልፋሉ። የክፍያ ደረሰኝ፣ የምዝገባ ቁጥር የለም። የአካባቢው ሰው ለደረሳው ይመግባል፣ ደረሳው ሸይኹን ያገለግላል፣ ሸይኹ ያስተምራል። ይህን ታሪክ በሚገባ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2001 በመጽሐፍ ያሳተሙልን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ምሁር ሑሴን አሕመድ ነበሩ። እርሳቸውም እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ አኼራ ሄደዋል። አላህ ይዘንላቸው።

የዚህ ሥርዓት ፍሬ ምን ያህል እንደ ሆነ ለማወቅ ሐጅ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብን መመልከት ይበቃል። በወሎ ተወልደው በወሎ መሻይኾች እጅ አደጉ። ከሸይኽ ሰይድ ሙሐመድ ሷዲቅ ጋር ሆነው ቅዱስ ቁርኣንን ወደ አማርኛ በመተርጎም ሥራ ተሳተፉ፤ ትርጉሙም በ1961 ዓ.ም. ታተመ። በአንዋር መስጊድ አስተማሩ። የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትም የመጀመሪያው ሊቀመንበር ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1989 አረፉ። በየቤታችን የሚገኘውን የአማርኛ ቁርኣን ስንገልጥ የሁለቱን ዓሊሞች ስም ብቻ ሳይሆን፣ እነርሱን በጎጆ ውስጥ ያስቀሩትን መሻይኾችም በዱዓችን ልናካትት ይገባል።

በቅርብ ዘመን ደግሞ ሸይኽ ሙሐመድ ዐሊ ኣደም አል ኢትዮጵያዊ በመካ ዳሩል ሐዲስ ሲያስተምሩ ኖረው እ.ኤ.አ. በ2020 አረፉ። የሱነን ነሳኢ ሸርሓቸው ወደ 40 ጥራዝ የሚደርስ ሲሆን በሶሒሕ ሙስሊምም ላይ ሰፊ ሸርሕ ጽፈዋል። ከዓለም ዙሪያ የመጡ ተማሪዎች ከሥራቸው ተቀምጠዋል። ይህን ሁሉ ዕውቀት የጀመሩት ግን በሀገራቸው፣ በአባታቸው እጅ ነው።

ዘላቂ አሻራ የሚተው እንዴት ያለ መምህር ነው?

ሁሉም ያስተማረን ሰው እኩል በልባችን አይቀርም። ለምን ይሆን? መልሱን ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሕይወት እናገኛለን። ሙዓዊያ ኢብኑል ሐከም የተባሉት ሶሓባ ለሶላት አዲስ በነበሩ ጊዜ በሶላት መካከል ለሚያስነጥስ ሰው ድምፅ አውጥተው ዱዓ አደረጉ። ሰጋጆቹ በዓይናቸው ገሠጿቸው። ሶላቱ ሲያልቅ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አልተቆጧቸውም፣ አልመቷቸውም፣ አልሰደቧቸውም፤ ሶላት የሰው ንግግር የማይገባው መሆኑን በእርጋታ አስረዷቸው። ሶሓባውም ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ከእርሳቸው የተሻለ መምህር እንዳላዩ በሕይወታቸው ሁሉ መሰከሩ።

ልብ እንበል! ሶሓባው ትምህርቱን አልረሱትም፤ ከትምህርቱ ይበልጥ ግን ያልረሱት አያያዙን ነው። ሕፃን ሐርፉን ሲስት አለንጋ የሚቀበለው ከሆነ የሚያስታውሰው አለንጋውን ነው። ብዙ ወላጆች ልጃቸውን ለሸይኹ ሲሰጡ ሥጋው የእርስዎ፣ አጥንቱ የእኛ ይሉ የነበረበት ልማድ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፈለግ ጋር አይሄድም። መምህርን ማክበር ማለት ልጅ ሲጎዳ ዝም ማለት አይደለም። በአክብሮት፣ ብቻቸውን ሲሆኑ ማነጋገር ይቻላል፤ ይህም ራሱ ለመምህሩ መልካም መዋል ነው።

በልባችን የሚቀረው መምህር የሚናገረውን ራሱ የሚሠራ፣ የልጁን ስም የሚያውቅ፣ የቀረውን ልጅ ለምን ቀረ ብሎ የሚጠይቅ፣ ደካማውን ተማሪ በጎበዙ ፊት የማያዋርድ ነው። ለዚህ ትልቅ ሕንፃ አያስፈልግም።

የአስኳላው መምህርስ?

አንዳንድ ወጣቶች የመምህር ሐቅ ሲነሳ የሚታያቸው የዲን መምህር ብቻ ነው። ፊደል ያስቆጠረን፣ ሒሳብና ሳይንስ ያስተማረን የትምህርት ቤት መምህር ሙስሊም ካልሆነ ውለታ የለበትም ብለው የሚያስቡም አይጠፉም። ይህ ከኢስላም አይደለም።

በ2ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ624፣ የበድር ዘመቻ ካበቃ በኋላ ከተማረኩት የመካ ሰዎች መካከል መጻፍ የሚችሉ ነገር ግን ለቤዛ የሚከፍሉት የሌላቸው ነበሩ። እነዚህ ምርኮኞች የመዲና ልጆችን መጻፍ እንዲያስተምሩና በዚያ ነፃ እንዲወጡ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፈቀዱ። እያንዳንዳቸው አሥር ልጆች እንዳስተማሩ ይተረካል። ኋላ ቁርኣንን የሰበሰቡት ዘይድ ኢብን ሳቢት በዚያ ጊዜ መጻፍ ከተማሩት አንዱ እንደ ነበሩም ተወስቷል። ትናንት ሰይፍ ይዞ የመጣ ሙሽሪክ ያስተማረው ፊደል በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ዋጋው የአንድ ሰው ነፃነት ነበር። ታዲያ በሰላም፣ በፍቅር ለዓመታት ያስተማረን ጎረቤታችን ምን ያህል ይገባዋል?

በማክሰኝትም ሆነ በጎንደር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ወንበር ተቀምጦ ይማራል። ሙስሊም መምህር የክርስቲያኑን ልጅ፣ ክርስቲያን መምህር የሙስሊሙን ልጅ ያስተምራል። ልጃችን ለመምህሯ በመልካም ምግባር ብትታወቅ፣ በዒድ ቀን ቤታችን ብንጠራቸው፣ ሲታመሙ ብንጠይቃቸው፣ ከምንሰብከው ስብከት ይልቅ ኢስላምን የሚያሳይ ይሆናል። መልካም ጉርብትናም የሚጸናው በእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው።

እናቶችና ሴት መምህራት

የእናታችን ሐፍሷን (ረ.ዐ.) የመጻፍ ትምህርት ከሺፋእ ቢንት ዐብደላህ ከተባሉ ሴት ጋር ያያይዘዋል፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሺፋእ ሐፍሷን ማስተማራቸውን እንዲቀጥሉ አበረታተዋል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ደግሞ ከሁለት ሺህ በላይ ሐዲሶች ያስተላለፉ፣ ታላላቅ ሶሓቦች የቸገራቸውን የሚጠይቋቸው መምህርት ነበሩ። ኢማም ማሊክን ወደ ረቢዓ የላኩት እናታቸው መሆናቸውንም ከላይ አይተናል።

በእኛም ቤት ቢስሚላህን ከማዕድ ፊት ያስያዘችን፣ ወንድሞቿን አዝላ እየሠራች ሱረቱል ኢኽላስን ያስደገመችን እናት፣ አያት ወይም እኅት የመጀመሪያዋ መምህራችን ናት። ዛሬ በብዙ መስጊዶች ለሴቶች ቂርኣት የሚሰጡ ወጣት ኡስታዛዎች አሉ። ብዙዎቹ የቤት ሥራቸውን ጨርሰው፣ ልጃቸውን ይዘው የሚመጡ ናቸው። ድካማቸው ከወንዶቹ ያነሰ ተደርጎ መቆጠር የለበትም።

አሳሳቢው ጉዳይ

ውድ አንባቢያን! ይህን ሁሉ የምንጽፈው ያለፈውን ለማወደስ ብቻ አይደለም። ዛሬ ሊጠፋ የተቃረበ ነገር ስላለ ነው።

የቁርኣን ቤት ኡስታዝ የሚተዳደረው እንደ ቀድሞው በአካባቢው ሰው ልግስና ወይም ወላጆች በየወሩ በሚያዋጡት ጥቂት ብር ነው። ጡረታ የለውም። ሲታመም ደመወዙ ይቋረጣል። የኑሮ ውድነት ሲብስ ወላጅ መጀመሪያ የሚቀንሰው የኡስታዙን ክፍያ ነው፤ ለሰርግና ለሌላ ድግስ ግን ይበደራል። በዚህ ምክንያት ብዙ የተማሩ ልጆች ማስተማሩን ትተው ወደ ንግድ ይገባሉ፣ ወደ ዐረብ አገርም ይሰደዳሉ። ልንወቅሳቸው አንችልም፤ እነርሱም ቤተሰብ አላቸው።

በሌላ በኩል በየገጠሩ ያሉ ታላላቅ መሻይኾች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። ከማን ተማሩ፣ የትኛውን ኪታብ ከየትኛው ሸይኽ ተቀበሉ፣ በእጅ የተጻፉ ኪታቦቻቸው የት አሉ የሚለው በአብዛኛው በልባቸው ብቻ ያለ ነው። አንድ ሸይኽ ሲሞት ከእርሱ ጋር የሚቀበረው ሰንሰለት መቼም ተመልሶ አይገኝም። ኪታቦቹም በማያውቅ ወራሽ እጅ ገብተው ዝናብና ምስጥ ይበላቸዋል። የመምህር ውለታ በቀብሩ ቀን በሚሰበሰበው ሕዝብ ብዛት አይመለስም፤ በሕይወት ሳለ በሩን ባንኳኳው ሰው ብዛት እንጂ።

ምን እናድርግ?

እንግዲህ እያንዳንዱ ቤተሰብ እንደ አቅሙ ሊፈጽማቸው የሚችላቸውን ጥቂት ነገሮች እንጠቁም።

1ኛ. ዱዓ። ከሶላት በኋላ ለወላጆቻችን ስንለምን ለመምህራኖቻችንም እንጨምር። ስማቸውን እየጠራን ልጆቻችን እየሰሙ ብናደርገው ደግሞ ሁለት ጥቅም አለው፤ ለመምህሩ ዱዓ፣ ለልጁ ትምህርት ይሆናል።

2ኛ. ዚያራ። በዒድ አል ፊጥርና በዒድ አል አድሓ ወደ ዘመድ ስንሄድ በመንገዳችን የቀድሞውን ኡስታዛችንን ቤት እንጎብኝ። በሌላ አገር የምንኖር ከሆነም ስልክ እንደውል። ብዙ መምህራን ከገንዘብ ይልቅ የሚያስደስታቸው ተማሪያቸው የደረሰበትን ማየት ነው።

3ኛ. ክፍያን በወቅቱ መስጠት። የኡስታዙ ወርሃዊ ክፍያ ሰደቃ ሳይሆን የሠራበት ዋጋ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሠራተኛ ላብ ሳይደርቅ ዋጋው እንዲከፈለው አዝዘዋል። ኡስታዙ ለልጆቹ አስቤዛ ሊገዛ ከወላጅ ወላጅ እየዞረ እንዲለምን ማድረግ በተማሪውም ፊት ማዋረድ ነው። የመስጊድ ኮሚቴዎች ክፍያውን ራሳቸው ሰብስበው በወሩ መጨረሻ በክብር ቢያደርሱ መልካም ነው።

4ኛ. በልጅ ፊት መምህሩን አለማማት። ወላጅ ምሽት ላይ ቡና እየጠጣ ኡስታዙን ካማ፣ ልጁ በማግሥቱ ከዚያ ኡስታዝ ምንም አይቀበልም።

5ኛ. ታሪካቸውን መመዝገብ። ወጣቶች ዛሬ ሁሉም ስልክ በኪሱ አለ። ከዓሊሞቻችን ጋር ቁጭ ብላችሁ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ፣ የት ተወለዱ፣ ከማን ተማሩ፣ ምን ምን ኪታብ ቀሩ፣ እነማንን አስተማሩ ብላችሁ ድምፃቸውን ቅዱ፣ በደብተርም ጻፉ። በእጅ የተጻፉ ኪታቦች ካሉም ፎቶ ተነሥተው በደረቅ ቦታ እንዲቀመጡ ቤተሰቡን አግዙ። ይህ የታሪክ ምሁራን ብቻ ሥራ አይደለም።

6ኛ. የተማርነውን ማስተማር። ይህ ከሁሉም ይበልጣል። የሰው ልጅ ሲሞት ሥራው ከሦስት ነገሮች በቀር እንደሚቋረጥ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል፤ ከሦስቱ አንዱ የሚጠቀሙበት ዕውቀት ነው። አንድ ሰው ለታናሽ ወንድሙ ፋቲሓን ባስተካከለለት ቁጥር፣ አንዲት እኅት ለጎረቤቷ ልጅ አሊፍን ባስያዘች ቁጥር፣ በመቃብር ላሉት መምህሯ አጅሩ ይደርሳል። ለመምህር ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም።

ለመምህራኖቻችን ያለን ቃል

በየገጠሩና በየከተማው ለምታስተምሩ ኡስታዞችና ኡስታዛዎች፣ ለትምህርት ቤት መምህራንም የምንለው አለን። ሐማድ ኢብን አቢ ሱለይማን በኩፋ መስጊድ ከተቀመጡት ተማሪዎች መካከል አንዱ አቡ ሐኒፋ እንደሚሆን በግንባሩ ተጽፎ አላዩም። በወሎ ጎጆ ውስጥ ሙሐመድ ሳኒ የተባለውን ልጅ ያስቀሩት ሸይኽም ይህ ልጅ ቁርኣንን በአማርኛ ለሚሊዮኖች ያደርሳል ብለው የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። ለሁሉም ልጅ እኩል አስተማሩ፤ የቀረውን አላህ ሠራው። ዛሬ ከፊታችሁ ካሉት፣ አፍንጫቸውን እየጠረጉ ሐርፍ ከሚቆጥሩት ሕፃናት መካከል ማን ምን እንደሚሆን አታውቁም። ስለዚህ አንዳቸውንም አትናቁ።

ወጣቶች ሆይ! መምህራችሁ በሕይወት ካሉ በዚህ ሳምንት ሳያልፍ ሂዱና ጠይቋቸው። ወደ አኼራ ሄደው ከሆነ ደግሞ ልጆቻቸው ምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ ተመልከቱ። የመምህርን ልጅ ማስተማር፣ የመምህርን ባለቤት መርዳት፣ የመምህርን ቤት ጣሪያ ማደስ ከውለታ መመለስ የሚቆጠር ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ሐርፍ ካስያዙን ጀምሮ ያስተማሩንን ሁሉ በሕይወት ያሉትን በጤናና በዕድሜ ይጠብቅልን፤ የሞቱትን ይማርልን፣ ቀብራቸውን በኑር ይሙላልን። እኛንም ከአመስጋኞቹ ያድርገን። ኣሚን።